ዕድሜ ወይስ ድምፅ?

ለአንድ ሰው «ከቀረህ ዕድሜ ላይ ጥቂት ዓመታት ቀንሰህ ድምፅህን ይዘህ ኑር፤ ወይም ድምፅህን ሰጥተህ ዕድሜህን አርዝም» ቢባል የትኛውን መምረጥ ይገባዋል? ጥያቄው የተረት ይመስላል። ነገር ግን የማንቁርት ካንሰር የጸናበት ሰው ከሐኪሙ ፊት ሲቀርብ የሚገጥመው ጥያቄ ከዚህ ብዙ የራቀ አይደለም። በዚህ ጽሑፍ ለመመርመር የምሻው ከሁለቱ የትኛው እንደሚበልጥ ብቻ አይደለም፤ የሚበልጠውን የመወሰን ሥልጣን የማን እንደሆነ ጭምር ነው።

ማንቁርት በአየር ቧንቧ አናት ላይ የምትገኝ ትንሽ አካል ናት። ትንሽነቷን የማይመጥን ሦስት ከባድ ሥራ ተሸክማለች፦ እስትንፋስን ታሳልፋለች፣ ድምፅን ትሰጣለች፣ እህልና ውኃ ወደ ሳንባ እንዳይገቡ በር ትጠብቃለች። በተለይ ትንባሆ፣ ከትንባሆም ጋር መጠጥ ሲደረብ፣ ይህችን አካል ለካንሰር ያጋልጣታል። ቴዎዶር ቢልሮት የተባለው ስመ ጥር ቀዶ ሐኪም እ.ኤ.አ. በ1873 የመጨረሻ ቀን ቪየና ላይ የአንድን የካንሰር ሕመምተኛ ማንቁርት ሙሉ በሙሉ ቆርጦ አወጣ (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ በዚሁ አቆጣጠር ናቸው)። ሕመምተኛው ከወራት በኋላ በሽታው አገርሽቶበት ቢሞትም መንገዱ ተከፈተ። ከዚያ ወዲህ ማንቁርቱ የወጣለት ሰው በአንገቱ ላይ በተከፈተ ቀዳዳ እየተነፈሰ፣ የቀድሞ ድምፁን አጥቶ፣ ግን በሕይወት ይኖር ጀመር።

የመወሰን ሥልጣን የማን ነው የሚለው ጥያቄ በታሪክ አደባባይ የወጣው በአንድ ንጉሥ ጉሮሮ ምክንያት ነው። የጀርመኑ አልጋ ወራሽ ፍሪድሪሽ በ1887 ድምፁ ሲጎረና ሐኪሞቹ ተከፋፈሉ፤ ጀርመናውያኑ ካንሰር ነው ሲሉ፣ ከእንግሊዝ የተጠራው ሞረል ማኬንዚ በምርመራ አልተረጋገጠም አለ። ቢስማርክ በትዝታ መጽሐፉ እንደሚተርከው ከሆነ፣ ሐኪሞቹ አልጋ ወራሹን ምንም ሳይነግሩ አደንዝዘው ማንቁርቱን ሊያወጡ አስበው ነበር፤ እርሱ ግን የባለቤቱ ፈቃድ ሳይጠየቅ አይሆንም ብሎ ተቃወመ። በሽታው በእርግጥ ካንሰር ነበር። ፍሪድሪሽ በመጋቢት 1888 ዙፋን ላይ ሲወጣ መናገር አይችልም ነበር፤ ፈቃዱን በቁራጭ ወረቀት ላይ እየጻፈ ዘጠና ዘጠኝ ቀን ነግሦ ሰኔ 15 ቀን ሞተ። ከዚህ ታሪክ ሁለት ነገር እንማራለን። አንደኛው፣ ንጉሥ እንኳ ቢሆን ሕመምተኛ ከሆነ ሌሎች ስለ ገላው ያለ እርሱ ሊመክሩበት እንደሚችሉ ነው። ሁለተኛው፣ ድምፅ ቢጠፋም ፈቃድ እንደማይጠፋ ነው። ድዳ የሆነው ንጉሥ እስከ መጨረሻው የሚፈልገውንና የማይፈልገውን ያውቅ ነበር።

የሕክምና ሳይንስ ለረጅም ጊዜ የሚያውቀው አንድ ሚዛን ብቻ ነበር፤ እርሱም የዓመታት ቁጥር ነው። ረጅም ዕድሜ የሰጠ ሕክምና የተሻለ ሕክምና ነው ይባል ነበር። በ1981 ባርባራ ማክኒል፣ ራልፍ ዋይክሰልባውምና ስቲቨን ፖከር የተባሉ ተመራማሪዎች ይህን ሚዛን በራሱ ሚዛን ላይ አስቀመጡት። ሠላሳ ሰባት ጤነኛ ሰዎችን፣ የእሳት አደጋ ሠራተኞችንና የድርጅት ኃላፊዎችን፣ ዕድሜንና ድምፅን እንዲያወዳድሩ ጠየቋቸው። ከአምስቱ አንድ ያህሉ፣ የመዳን ዕድላቸው ቢቀንስም እንኳ፣ ድምፃቸውን ለማትረፍ ከቀዶ ሕክምና ይልቅ ጨረርን እንደሚመርጡ ገለጹ። አልሞት ባይ ተጋዳይ ነው የሚባለው የሰው ልጅ፣ ለካስ በማንኛውም ዋጋ አይጋደልም!

በዚህ ጥናት ላይ የሚነሣ አንድ ብርቱ ተቃውሞ አለ። የተጠየቁት ጤነኞች ናቸው፤ ጤነኛ ደግሞ ስለ ሕመም የሚያወራው ስላልረገጠው ምድር ነው። አባቶች «የማያውቁት አገር አይናፍቅም» ይላሉ፤ የማያውቁት አገር ግን ያስፈራል። እኛ ስደተኞች ይህን ከማንም በላይ እናውቀዋለን። ከአገር ሳንወጣ «ከዚህ ተለይቼ አንድ ቀን አልኖርም» ያልን ስንቶች ነን ዛሬ በሰው አገር ልጆች ያሳደግነው? የፈራነው ሳይሆን ቀርቶ ያልጠረጠርነው ያቆሰለንስ ስንቶች ነን? ማንቁርት የሌለው ሰው ኑሮም እንዲሁ ነው። ኤሪክ ብሎምና ማርክ ሲንገር በ1980 ይፋ ባደረጉት ትንሽ መሣሪያ አማካይነት፣ ማንቁርታቸው የወጣ ብዙ ሰዎች ከሳንባቸው አየር እየወሰዱ በሌላ ዓይነት ድምፅ መናገር ችለዋል። ይሁንና ተቃውሞው የሚያስረዳው መራጩ ከመምረጡ በፊት በሚገባ ማወቅ እንዳለበት እንጂ፣ ምርጫው ሊነጠቅ እንደሚገባ አይደለም።

ከዚያ በኋላ የመጣው ጥናት ሌላ የሥነ ምግባር ጥያቄ ይዞ መጣ። በአሜሪካ የቀድሞ ወታደሮች ሆስፒታሎች ውስጥ በሽታው የገፋባቸው 332 ሕመምተኞች በዕጣ ለሁለት ተከፈሉ። ግማሾቹ ማንቁርታቸው ወጥቶ ጨረር ተጨመረላቸው፤ ግማሾቹ በመጀመሪያ ኬሞቴራፒ፣ በሽታው ሲሸሽ ደግሞ ጨረር ተሰጣቸው። ውጤቱ በ1991 ሲታተም ከሁለት ዓመት በኋላ በሕይወት የተገኙት በሁለቱም ወገን 68 በመቶ ነበሩ። በኬሞቴራፒው ወገን ከተመደቡት 64 በመቶው ማንቁርታቸው ተርፎላቸው ነበር።

በሰው ጉሮሮ ላይ ዕጣ መጣል ይገባልን? የሚገባው ሐኪሙ የትኛው መንገድ እንደሚሻል በእውነት ሳያውቅ ሲቀር፣ አለማወቁንም ለሕመምተኛው ሳይደብቅ ሲነግረው ብቻ ነው ብዬ አምናለሁ። እያወቀ ዕጣ የሚጥል ሰው በነፍስ ይቆምራል፤ ሳያውቅ እንደሚያውቅ ሆኖ የሚቆርጥ ሰው ደግሞ ከቆማሪው አይሻልም። ነገር ግን አንድ ዕዳ ሊዘነጋ አይገባም። ዕጣቸው ለቢላዋ የወጣው ሰዎች ድምፃቸውን ሲያጡ፣ ያ መሥዋዕት ሁልጊዜ አስፈላጊ እንዳልነበረ ለኋለኞቹ አስረዱ። ዛሬ በገዛ ድምፁ ልጁን የሚጠራ ሕመምተኛ ስማቸውን የማያውቃቸው ባለውለታዎች አሉት።

ታሪኩ በዚህ ቢያበቃ መልካም ነበር፤ ግን አላበቃም። በ2003 የታተመ ሌላ ሰፊ ጥናት፣ ኬሞቴራፒና ጨረር አንድ ላይ ሲሰጡ ከሁለት ዓመት በኋላ ማንቁርት የተረፈላቸው 88 በመቶ፣ ኬሞቴራፒው ሲቀድም 75 በመቶ፣ ጨረር ብቻውን ሲሰጥ 70 በመቶ መሆናቸውን አሳየ። አሸናፊው የታወቀ መሰለ። የዐሥር ዓመቱ ውጤት በ2013 ሲወጣ ግን፣ ሁለቱን አንድ ላይ በወሰዱት ዘንድ ከካንሰሩ ጋር ባልተያያዘ ምክንያት የደረሰው ሞት በርክቶ ታየ። ከዚህም ሌላ፣ የተረፈ ማንቁርት ሁሉ ሥራውን የሚሠራ አይደለም። በጨረር ደርቆ መዋጥ የሚከለክል፣ ባለቤቱን በቱቦ እንዲመገብ የሚያስገድድ ማንቁርት አለ። መዝጋቢው «ተርፏል» ብሎ ይጽፋል፤ ባለቤቱ ግን ከቤተሰቡ ጋር ከአንድ ማዕድ መቁረስ አይችልም። ስለዚህ በ2009 ምክራቸውን ያሳተሙ የዘርፉ ሊቃውንት፣ ከዚያ ወዲህ የሚደረጉ ጥናቶች የአካሉን መትረፍ ብቻ ሳይሆን የመዋጥና የመተንፈስ ሥራውንም እንዲለኩ መከሩ። እዚህ ላይ ትልቅ ትምህርት አለ፦ ለመቁጠር የሚቀልለውን ነገር ለሰው ከሚጠቅመው ነገር ጋር ማሳሳት ቀላል ነው። የዓመታት ቁጥር ቀድሞ ሐኪሞችን አሳስቶ ከነበረ፣ የተረፉ ማንቁርቶች ቁጥርም በተራው ሊያሳስት ይችላል።

አንባቢ ሆይ፣ ይህ ሁሉ የሌሎች አገሮች ነገር ብቻ እንዳይመስልህ። በእኛ ዘንድ የክፉ በሽታ ስም ለሕመምተኛው አይነገርም፤ ለቤተ ዘመድ ይነገራል። በስደት አገር ደግሞ ቋንቋ ያልለመደው አባት በልጁ አስተርጓሚነት ሐኪም ፊት ይቀርባል። ልጅ «ካንሰር» የሚለውን ቃል «ቁስል» ብሎ ይተረጉመዋል። አባት ወረቀቱ ላይ ይፈርማል፤ የፈረመውን ግን አያውቅም። ልጁን ክፉ ነው አልለውም፤ የሚያደርገው ከፍቅር ነው። ለሚፈራ ሰው እንዲህ ያለ ምርጫ ማቅረብ በራሱ ጭካኔ ነው የሚሉም አሉ፤ ክርክራቸው ፍሬ አለው። ሁሉም ሰው ሁሉን ማወቅ አይሻም፤ «ልጆቼ ይወስኑልኝ» ማለትም የሰው ሙሉ መብት ነው። ነገር ግን «ይወስኑልኝ» የሚለው ቃል ራሱ ከእርሱ አንደበት መውጣት አለበት። ሌላው በእርሱ ስም ዝም ሲያሰኘው፣ ካንሰሩ ሳይደርስበት ድምፁን አስቀድሞ ነጠቀው ማለት ነው።

«ከሞቱ አሟሟቱ» ይባላል፤ እኔ ደግሞ ከመኖሩ አኗኗሩ እላለሁ። ዕድሜ ይሻላል ወይስ ድምፅ ለሚለው ጥያቄ ለሰው ሁሉ የሚሆን አንድ መልስ ያለ አይመስለኝም። ቀዳሹና መምህሩ፣ የልጅ ልጅ ለማየት የምትጓጓ አያትና ብቸኛው ሽማግሌ አንድ ዓይነት መልስ አይሰጡም፤ ሊሰጡም አይገባም። ሳይንስ የሁለቱን መንገዶች ዋጋ ሊነግረን ይችላል፤ ይህም ከ1873 ወዲህ በብዙ ሰዎች ሥቃይ የተገኘ ትልቅ ስጦታ ነው። ዋጋውን መክፈል ይገባ እንደሆነ ግን የሚያውቀው ከፋዩ ነው። ስለዚህ ገና ድምፁ ሳለ ይጠየቅ።