ወንበር ሲነቃነቅ የሚመጣ ንስሐ

ከአሥራ ሁለት ዓመት በፊት የአንድ የወጣቶች ኅብረት ገንዘብ ያዥ ነበርኩ። ለራሴ ጉዳይ ከሣጥኑ ጥቂት ብር ወሰድኩ፤ "ደመወዝ ስቀበል እመልሳለሁ" ብዬ። ደመወዝ መጣ፣ አልመለስኩም፤ እንዲያውም ጨመርኩበት። ስምንት ወር ሙሉ እየዘመርኩና እያስተማርኩ ዝም አልኩ። አንድ እሑድ ግን "የፊታችን ቅዳሜ ሒሳብ ይመረመራል" ተባለ። ማክሰኞ ማታ ኅብረቱን ወደሚከታተሉት ሽማግሌ ቤት ሄጄ እያለቀስኩ ተናዘዝኩ። ጋሼ እስክጨርስ ሰሙኝና አንድ ነገር ብቻ ጠየቁኝ፦ "ልጄ፣ ቅዳሜ ምርመራ ባይኖር ኖሮ ዛሬ ትመጣ ነበር?"

መልስ አጣሁ። ስለ ጣሊያን ወረራ ባነበብኩ ቁጥር ይህ ጥያቄ ይመለስብኛል።

ሙሶሊኒንና ግራዚያኒን ሁላችንም እናውቃለን። ከእነርሱ በላይ ግን ንጉሥ ነበረ፤ ቪክቶር ኢማኑኤል ሣልሳዊ። እ.ኤ.አ. በ1922 ፋሺስቶች ወደ ሮም ሲተሙ ጠቅላይ ሚኒስትሩ የአስቸኳይ ጊዜ ትእዛዝ እንዲፈርም ጠየቀው። ንጉሡ አልፈርምም አለ፤ በማግስቱም ሙሶሊኒን መንግሥት እንዲመሠርት ጠራው። በ1928 ዓ.ም. አዲስ አበባ ስትያዝ "የኢትዮጵያ ንጉሠ ነገሥት" የሚለውን ማዕረግ ተቀበለ። እ.ኤ.አ. በ1938 ደግሞ አይሁድን ከትምህርት ቤትና ከሥራ የሚያባርሩትን ሕጎች ፈረመ።

የካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. ግራዚያኒ ድሆችን ሰብስቦ ምጽዋት የሰጠው ለምን እንደነበረ ታውቃላችሁ? የዚህ ንጉሥ የልጅ ልጅ ተወልዶ ነበር፤ ለእርሱ የደስታ በዓል ነው። አብርሃ ደቦጭና ሞገስ አስገዶም ቦምብ ከወረወሩ በኋላ የአዲስ አበባ ሕዝብ ለሦስት ቀን ታረደ፤ የኢትዮጵያ መንግሥት የሟቾቹን ቁጥር 30,000 ያደርሰዋል። በዚያው ዘመን የውጭ ሚሲዮናውያን ከአገር ሲባረሩ፣ በሀዲያ፣ በከምባታና በወላይታ የነበሩት ጥቂት አማኞች ብቻቸውን ቀሩ። ዛሬ ፎንቆም ሆነ ሆሳዕና የምንዘምረው እነዚያ ስላልተበተኑ ነው።

ንጉሡ ሙሶሊኒን ያወረደው መቼ ነው? የእኛ ሰው በመርዝ ጋዝ ሲቃጠል አይደለም። እ.ኤ.አ. ሐምሌ 1943 የጠላት ጦር ሲሲሊ ገብቶ፣ ሮም ራስዋ በአውሮፕላን ከተደበደበች በኋላ ነው። አዲሱን መንግሥት እንዲመራ የሾመውስ ማንን ነው? ማርሻል ባዶሊዮን! ኢትዮጵያን በጋዝ የወጋ፣ ንጉሡም "የአዲስ አበባ መስፍን" ብሎ የሾመው ያው ሰው። ለውጥ ተባለ፤ እጁ ግን ያው እጅ ነበር። በመስከረም ወር ጀርመኖች ወደ ሮም ሲገሰግሱ ንጉሡና ባዶሊዮ ወታደሩን ያለ ግልጽ ትእዛዝ ጥለው ሸሹ።

በመጨረሻ፣ እ.ኤ.አ. ግንቦት 1946፣ ሕዝቡ ድምፅ ሊሰጥ ሦስት ሳምንት ሲቀረው ዙፋኑን ለልጁ ለኡምቤርቶ ለቀቀ። ዘውዱን ለማትረፍ ነበር። ሆኖም ከ12 ሚሊዮን በላይ ሰው ለሪፐብሊክ፣ ከ10 ሚሊዮን በላይ ሰው ለንጉሡ ድምፅ ሰጠ። ኡምቤርቶ አገሩን ለቆ ወጣ፤ አባቱ በስደት እስክንድርያ ሞተ። በልደቱ ምጽዋት የተሰጠለት ሕፃንም ዘጠኝ ዓመቱ ነበር፤ እስከ 2002 ድረስ ጣሊያን እንዳይገባ ሕግ ከለከለው።

ይህን ስንል በሌላው አንሳቅ። የእኛም ዙፋን ለጭሰኛው የሚሆን ሕግ ለዓመታት ሲያንከባልል ቆይቶ፣ ሕገ መንግሥቱ ይሻሻላል ያለው በ1966 ዓ.ም. ወታደሩ ካመፀ በኋላ ነው። ሰባት ወር ሳይሞላው፣ መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. ወደቀ።

"ታዲያ ዘግይቶ የመጣ ንስሐ ዋጋ የለውም ማለትህ ነው?" ትሉኛላችሁ። አይደለም። በመስቀል ላይ የነበረው ወንበዴ የተመለሰው በመጨረሻው ሰዓት ነው፤ ጌታም ተቀበለው። ግን ልብ በሉ፤ ያ ሰው ወንበር አልጠየቀም። ቅጣቱ የተገባው መሆኑን አምኖ እንዲታሰብ ብቻ ለመነ። ንጉሡ ግን ከነዙፋኑ መትረፍ ፈለገ። ልዩነቱ ከሰዓቱ ይልቅ በሚጠየቀው ነገር ላይ ነው። ዘኬዎስን ደግሞ ማንም ሒሳብህን አምጣ አላለውም፤ ራሱ ተነሥቶ ላታለለው ሰው አራት እጥፍ እመልሳለሁ አለ። ንስሐው ከኪሱ ታወቀ።

እኔስ? ገንዘቡን ተበድሬ መለስኩ። ኅብረቱ ይቅር አለኝ፣ አብረውኝ ጸለዩ። ሣጥኑ ግን ለሌላ ሰው ተሰጠ። ያኔ ተቀየምኩ፤ "ይቅር ካላችሁኝ ለምን አታምኑኝም?" አልኩ። ዛሬ ግን ይገባኛል። ይቅርታ በአንድ ማታ ይሰጣል፤ መታመን ግን ማንም በማያይባቸው ብዙ ቀኖች ነው የሚመለሰው። "ይቅርታ ስለጠየቅኩ ቦታዬ ይመለስልኝ" የሚል ሰው፣ ባለሥልጣን ይሁን የመዘምራን መሪ፣ ገና የሚያዝነው ለወንበሩ ነው።

ለጋሼ ጥያቄ ያኔ ያልሰጠሁትን መልስ ዛሬ እሰጣለሁ፦ አልመጣም ነበር፣ ጋሼ። እናንተስ፣ ወንድሞችና እኅቶች? ምርመራው የሚመጣበት ቀን ገና ያልተነገረ፣ እናንተና ጌታ ብቻ የምታውቁት ነገር ካለ፣ ዛሬ ማታ የማንን በር ታንኳኳላችሁ?