ምኞት እውነትን አይተካም

የተመኘነውን ሁሉ እውነት ነው ስንል እምነት ያለን ይመስለናል። ትንቢተ ኤርምያስ ምዕራፍ 28 ግን ልዩነቱን ያስተምረናል። ሐናንያ የባቢሎን ቀንበር በ2 ዓመት ውስጥ ይሰበራል ብሎ ሕዝቡን አስደሰተ። ኤርምያስም አሜን አለ፤ እርሱም ይመኘው ነበርና። ሆኖም ምኞቱን የእግዚአብሔር ቃል አላደረገውም፤ ለምርኮኞቹ ዘመኑ 70 ዓመት መሆኑን ጽፎ ቤት እንዲሠሩ፣ አትክልትም እንዲተክሉ መከራቸው።

እኛስ? በጠና የታመመ ጓደኛችንን «ምንም አትሆንም፤ ነገ ትነሣለህ» እያልን ሸነገልነው። እርሱ ግን ስለ ሞቱ ሊያወራን፣ ንስሐም ሊገባ ይፈልግ ነበር። ለካ ያጽናናነው ራሳችንን ኖሯል! ምኞት እውነትን ላለማየት ዓይንን መጨፈን ነው፤ ተስፋ ግን እውነቱን እያዩ በእግዚአብሔር መታመን ነው። እንግዲህ ከታመመ ሰው አጠገብ ስንቀመጥ አስቀድመን እንስማው።