ያልታጨደው ሣር የማን ነው?

ለመሆኑ ስለ ነገ ሲባል ዛሬ የተቸገረን ሰው ከሣር መከልከል ፍትሕ ነውን? ይህ ጥያቄ ለመንዝ ገበሬ የመጻሕፍት ጥያቄ አይደለም፤ የጓሳ ተራራ ጥያቄ ነው።

ጓሳ ከባሕር ወለል በላይ ከ3200 ሜትር የሚልቅ ውርጫም ደጋ ነው። እንዲህ ባለው ደጋ ረግረግ ውስጥ የሞተው ሣርና ሥር በውሃና በብርድ ታፍኖ ሙሉ በሙሉ ሳይበሰብስ ይደራረባል። ጥቁሩ አፈር በዓመት አንድ ሚሊሜትር ያህል ቢጨምር ነው፤ ክንድ ለመሙላት ከ400 ዓመት በላይ ይፈጃል። ክረምት የጠጣውን ውሃ በበጋ ቀስ እያለ ለወንዞች ይለቃል። ታዲያ ይህ አፈር የየትኛው ትውልድ ንብረት ሊባል ነው?

ከ17ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ጀምሮ እንደቆየ የሚነገርለት ቄሮ የተባለው የጥበቃ ሥርዓት መልሱን በተግባር ሰጥቶ ነበር። ሕዝቡ በመረጠው አለቃ ትእዛዝ ጓሳው 3፣ አንዳንዴም 5 ዓመት ይዘጋል፤ ሣሩ ሲደርስ ለቤት ክዳንና ለገመድ ይታጨዳል። ይሁን እንጂ ሥርዓቱ ነውር አልነበረበትም ማለት አይቻልም፤ ባለመብቱ የአቅኚ አባቶች ዘር ነበርና። የ1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት አዋጅ ይህን አድልዎ ሻረ፤ ከአድልዎው ጋር ግን ጠባቂውም ሄደ። ሁሉም ባለመብት፣ ማንም ከልካይ ያልሆነበት ሣር ተመናመነ። (ቀይ ቀበሮውን የጠየቀው አልነበረም።)

ከዓመታት በኋላ ማኅበረሰቡ ነዋሪውን ሁሉ ባቀፈ መተዳደሪያ ደንብ ጥበቃውን መለሰ። አሁን የሚከብደው የደንቡ አንቀጽ ሳይሆን በተዘጋው ዓመት ጣራው የሚያፈስበት ጎረቤት ነው። እርሱ ማጭዱን ሰቅሎ ሲጠብቅ፣ ክዳኑ ያልፈረሰበት ምን ያበድረዋል?