ስለ አንድ አሮጌ ሞተርና ስለ ባለቤቱ እምነት

የሰው ልጅ የሚገለገልበት መሣሪያ ባረጀ ጊዜ «ይጠገን ወይስ ይለወጥ?» ተብሎ የሚነሣው ጥያቄ የኪስ ጉዳይ ብቻ ይመስላል። እኔም እንደዚሁ ይመስለኝ ነበር፤ ነገር ግን በጅጅጋ የሚኖር አንድ ወዳጄ ስለ አሮጌ ላንድክሩዘሩ ምክር በጠየቀኝ ጊዜ፣ ነገሩን ከሒሳብ ይልቅ ለሕሊና የቀረበ ሆኖ አገኘሁት።

መኪናዪቱ እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ በጃፓን ከተሠሩት፣ ባለ ስድስት ሲሊንደርና አራት ሊትር የናፍታ ሞተር ካላቸው አንዷ ናት። አካሏ ጠንካራ ነው፤ ሻንሲዋንም ዝገት አልበላውም፤ የደረቅ አገር አየር ለብረት ቸር ነውና። ሞተሯ ግን ደክሟል። የናፍታ ሞተር እሳት የሚያገኘው ከካንዴላ ሳይሆን፣ አየር ወደ ሃያ እጥፍ በተጨመቀ ጊዜ ከሚፈጠረው ግለት ነው። የፒስቶኑ ፋሻ ሲበላ የተጨመቀው አየር ሾልኮ ያመልጣል፤ ስለዚህ በማለዳ ብርድ አልነሣም ትላለች፤ ከተነሣችም በኋላ ዘይት እያቃጠለች ሰማያዊ ጭስ ትተፋለች። ጅጅጋ ከባሕር ወለል በላይ 1600 ሜትር ያህል ከፍ ያለች ስለሆነች አየሩ ቀጠን ያለ ነው፤ ጤነኛውም ሞተር ቢሆን እዚያ ሙሉ ትንፋሽ አያገኝም። ወደ ሐረር ለመሄድ የካራማራን ዳገት ስትያያዝ የሙቀት መለኪያው ቀስ በቀስ ወደ ቀዩ መስመር ይወጣል፤ ባለቤቱም ዓይኑን ከመንገዱ አንሥቶ በመለኪያው ላይ ይተክላል፤ ይህም ራሱን የቻለ ሌላ አደጋ ነው።

ወዳጄ በመጀመሪያ የቆጠረልኝ ያወጣውን ገንዘብ ነበር፤ የራዲያተሩን፣ የቴስታታውን ጓርኒሲዮን፣ የመካኒኩን ዋጋ። «ይህን ሁሉ ከከሰከስሁ በኋላ ሞተሩን ብጥለው ገንዘቤን መጣል አይሆንምን?» አለኝ። ያ ገንዘብ ግን ሞተሩ ቢጣልም ባይጣልም ተመልሶ አይመጣም። ሌላ መኪና መግዛትም ቀላል አይደለም፤ በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ በአሮጌ ተሽከርካሪዎች ላይ ከባድ ታክስ ጥሏል፤ በ2016 ዓ.ም. ደግሞ መንግሥት በነዳጅ የሚሠሩ የቤት አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ከልክሏል። እንግዲህ አካሏ ለጸና መኪና ሞተር መቀየር ብልህነት ነው። ያገለገለ ሞተር የሚገዛ ሰው ግን የማያውቀውን ሰው ምሥጢር አብሮ ይገዛልና፣ ሲሊንደሩ ሳይለካ ገንዘብ ባይከፍል ይሻለዋል። የሒሳቡ ነገር በዚህ ያበቃል።

ያላበቃው ሌላው ነው። መኪናዪቱ በስም የወዳጄ ትሁን እንጂ ዘመድና ጎረቤት ሁሉ ተስፋ የጣለባት ናት። ከዓመት በፊት በአንድ ሌሊት፣ ከቀብሪበያህ ወዲያ ካለ መንደር ምጥ የጠናባትን ሴት ወደ ጅጅጋ እንዲያደርስ ተጠራ። ሞተሩ መታመሙን ያውቃል፤ ለቤተሰቧ ግን ምንም ሳይናገር ጭኗት ተነሣ። በመንገድ ላይ ሞተሩ ግሎ ቆመ፤ እስኪበርድም ከአንድ ሰዓት በላይ በጨለማ ተቀመጡ። ኋላም ተነሣች፤ ሴቲቱ ደረሰች፤ ልጁም ዛሬ በሕይወት አለ። ወዳጄ ይህንን ሲነግረኝ «አየህ፣ መኪናዬ አላሳፈረችኝም» አለ።

ይህ ቃል የእንግሊዙን የሒሳብ ሊቅና ፈላስፋ የዊልያም ክሊፎርድን ድርሰት አሳሰበኝ። ክሊፎርድ እ.ኤ.አ. በ1877 ስለ እምነት ሥነ ምግባር ባሳተመው ጽሑፍ ስለ አንድ ባለመርከብ ይነግረናል። መርከቡ አርጅቷል፤ ብዙ ጊዜም ተጠግኗል። ባለቤቱ ግን «ስንቱን ማዕበል አልፎ ተመልሷል» እያለ ጥርጣሬውን አፈነና ስደተኞችን ጭኖ ሰደደው፤ መርከቡም በባሕር መካከል ሰጠመ። ክሊፎርድ ሰውየው በሞቱት ሰዎች ደም በደለኛ ነው ይላል። ከዚህም አልፎ፣ መርከቡ በደኅና ቢደርስ ኖሮስ በደሉ ይቀንስ ነበርን ብሎ ይጠይቅና፣ ከቶ አይቀንስም ሲል ይፈርዳል። ምክንያቱም ጥፋቱ ያደረው በመስጠሙ ሳይሆን፣ ሰውየው ሳይመረምር ሊያምን የማይገባውን በማመኑ ነው።

ለወዳጄ ይህንን ነገርሁት። እርሱም ተቆጣና «ባለመርከቡ ሀብታም ነው፤ ጊዜም ነበረው። እኔ በሌሊት ምን ላድርግ? አልሄድም ልበልን?» አለኝ። በዕውነቱ ክሊፎርድ ለዚህ መልስ የሰጠ አይመስለኝም። መኪና በማይገኝበት ስፍራ የታመመ ሞተር ከምንም ይሻላል፤ እምቢ ማለትም በደል ሊሆን ይችላል። ነገር ግን በመሄድና ባለመሄድ መካከል አንድ ነገር ነበረ፤ ይኸውም መናገር ነው። «ሞተሬ ሊቆም ይችላል» ቢላቸው ኖሮ፣ ምናልባት ወደ ሌላ ሰው በስልክ ይደውሉ ነበር፤ ምናልባትም ሁሉን አውቀው በእርሱ መኪና ይሄዱ ነበር። ዝም በማለቱ የወሰደባቸው ይህንን ምርጫ ነው። ልጁ በሕይወት መኖሩ ደግሞ ደስታ እንጂ ማስረጃ አይደለም።

ከዚህ በኋላ «እንግዲያውስ ልሽጣት» አለኝ። በዚህ ጊዜ እኔ ተቆጣሁ። ወፍራም ዘይት የተጨመረበት ያረጀ ሞተር ለጥቂት ቀን ድምፁም ጭሱም እንደሚቀንስ እርሱም እኔም እናውቃለን። ነቢዩ መሐመድ በገበያ ውስጥ እጃቸውን ወደ እህል ክምር ከትተው ከታች እርጥበት ባገኙ ጊዜ፣ ሰው ያየው ዘንድ እርጥቡን ለምን ከላይ አላደረግኸውም ብለው ነጋዴውን መገሠጻቸውን ወዳጄ ከእኔ ይልቅ ያውቀዋል። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕጋችንም ሻጭ የሸጠው ነገር ጉድለት የሌለበት ስለ መሆኑ ለገዢው ዋስ እንዲሆን ያዛል። የማይታየውን ጉድለት ይዞ መሸጥ፣ ያንኑ የሌሊት መንገድ ለሌላ ሰው ማስተላለፍ ነው።

ባለፈው ወር ሞተሩ ወረደ። ሌላው እስኪገባ ድረስ መኪናዪቱ በግቢው ውስጥ አፏን ከፍታ ቆማለች፤ ለሌሊት ጥሪም ወዳጄ የሚመልሰው የሌላ ሾፌር ስልክ ቁጥር ነው። አሮጌውን ሞተር አንድ ሰው ለወፍጮ ሊገዛው ከአውበሬ መጥቶ ነበር። ወዳጄም ዋጋ ሳይጠራ በፊት፣ የሦስተኛው ሲሊንደር ፋሻ ማለቁን ነገረው። ሰውየው ጥቂት አሰበና «ለልጆቼ ልንገራቸው» ብሎ ሄደ፤ እስከ ዛሬ ግን አልተመለሰም። ሞተሩም በሸራ ተሸፍኖ ከግንቡ ሥር ተቀምጧል።