ፕሮፌሰር መስፍን የተዉልን ሥራ
ፕሮፌሰር መስፍን ወልደ ማርያም መስከረም 19 ቀን 2013 ዓ.ም. ሲያርፉ ብዙ ሰው ከልቡ አዝኗል። ሐዘኑ የሚገባ ነው። ሆኖም እሳቸውን የምናከብር ሰዎች፣ መርካቶ ጭድ ተራ ላይ ሱቅ የከፈትንም ሆንን ለገበያ ብቻ ብቅ የምንል፣ በዓመት አንዴ ፎቷቸውን ለጥፈን ዕዳችንን የከፈልን አይምሰለን። የጂኦግራፊ መምህሩ መስፍን ረሃብን ሲያጠኑ፣ ገበሬውን የሚጥለው የዝናብ መቅረት ብቻ ሳይሆን ጥሪቱን የሚያሟጥጥበት ሥርዓት ጭምር መሆኑን አሳይተዋል። በ1984 ዓ.ም. ከባልደረቦቻቸው ጋር ያቋቋሙት የኢትዮጵያ ሰብአዊ መብቶች ጉባኤም (ኢሰመጉ) በደልን በጅምላ ከማውገዝ ይልቅ ማን፣ የት፣ መቼ ብሎ መመዝገብን ሥራዬ ብሎ ያዘ። ሰኔ 1 ቀን 1997 ዓ.ም. ከምርጫው በኋላ በተነሣው ተቃውሞ በዚሁ በመርካቶ ሰው በጥይት ሲወድቅ የኢሰመጉ መርማሪዎች መረጃ ሲሰበስቡ ታሰሩ። የሰኔውንና የ1998ቱን የጥቅምት ግድያ ያጣራው ኮሚሽን በኋላ 193 ሲቪሎች መሞታቸውን አረጋግጧል። ሟች በስሙ ካልተጻፈ ቤተሰቡ ለፍትሕ ይዞት የሚቀርበው ነገር የለም።

«ፖለቲካ ውስጥ ገብተው የለም ወይ? ስለ አማራ ማንነት የተናገሩትስ?» የሚል ይኖራል። እውነት ነው፣ ከቅንጅት ፓርቲ መሪዎች ጋር ታስረዋል፤ ንግግራቸውም ብዙዎችን አስቆጥቷል። ግን በሐሳብ መሟገት ዕድሜያቸውን የፈጁበት ነገር ነው፤ ከሳቸው ጋር የማይስማማም ሥራቸውን መቀጠል ይችላል። የሚከብደው ሙግት የፍርሃት ነው። የመምህራን ማኅበር መሪና የኢሰመጉ ሥራ አስፈጻሚ አባል አቶ አሰፋ ማሩ ሚያዝያ 30 ቀን 1989 ዓ.ም. ባዶ እጃቸውን መንገድ ላይ በፖሊስ ጥይት ተገድለዋልና ፍርሃቱን አልንቅም፤ ልጆች ያሉትን ነጋዴም ሰማዕት ሁን አልለውም። ገንዘቡ ግን በእጃችን ነበር። የ2001ዱ የበጎ አድራጎት ድርጅቶችና ማኅበራት አዋጅ የመብት ድርጅቶች ከገቢያቸው ከ10 በመቶ በላይ ከውጭ እንዳያገኙ ሲከለክል፣ ኢሰመጉ ቅርንጫፎቹን የዘጋው ዕቁብ ጥለን ሱቅ የምንገዛው እኛ ስላልደገፍነውም ጭምር ነው። አዋጁ በ2011 ተሽሯል፤ አባል ሁኑ፣ አዋጡ።

ከዚህም የሚቀርብ ሥራ አለ። ገበያ ውስጥ «ሌባ! ሌባ!» ሲባል ሰው ያገኘውን ይዞ ይሮጣል፤ የተያዘው ልጅ ዳኛ ፊት ሳይደርስ ጥርሱ ይረግፋል። ሰርቆም ቢሆን ይህ አይገባውም፤ የሰብአዊ መብት ፈተናውም የማንወደው ሰው ሲመታ ነው። ሁለት ሦስት ባለሱቆች ልጁን ከመሀል አድርገው ፖሊስ እስኪመጣ ይጠብቁት፤ ስሙን፣ ሰዓቱን፣ የተረከበውን ፖሊስ ይጻፉ፤ አንዱም ጣቢያ ድረስ ይከተለው።