ቅጠሉ ሲገረጣ ተጠያቂው ማን ነው?

በሸክላ መትከያም ሆነ በባዶ የወተት ጣሳ አበባ፣ ጤና አዳም ወይም በሶብላ ያልተተከለበት ቤት ጥቂት ነው። ከእነዚህ ተክሎች የአንዱ ቅጠል ቢጫ መሆን ሲጀምር፣ ብዙዎቻችን ሳናመነታ የምናደርገው ነገር ቢኖር ውኃ መጨመር ነው። ይህ ተራ የሚመስል ድርጊት አንድ ትልቅ ጥያቄ ያስነሣል። መልካም አሳብ ብቻውን በቂ ነውን? በእጃችን ያለ ሕይወት ሲጎዳ፣ «ለደግ አስበን ነው» ማለት ከኃላፊነት ነጻ ያወጣናልን?

በመጀመሪያ የነገሩን ጠባይ እንመልከት። ቅጠል አረንጓዴ የሚሆነው ክሎሮፊል በተባለው ንጥረ ነገር ሲሆን፣ ተክሉ ይህን ለመሥራት ናይትሮጅን፣ ማግኒዝየምና ብረት ያስፈልጉታል። ናይትሮጅን ሲያንሰው ከአሮጌዎቹ ቅጠሎች ወስዶ ለአዲሶቹ ስለሚያካፍል፣ በቅድሚያ የሚገረጡት የታችኞቹ ናቸው። ብረት ግን ከቅጠል ወደ ቅጠል እንደ ልብ ስለማይዘዋወር፣ ሲጎድል የሚገረጡት ለጋዎቹ ናቸው። ውኃ ያጣ ተክል ይገረጣል፤ ውኃ የበዛበትም እንዲሁ ይገረጣል። አፈሩ ሲጨቀይ ሥሩ አየር አጥቶ ይበሰብሳልና፤ የበሰበሰ ሥር ደግሞ በውኃ ተከብቦ ሳለ ውኃ መጠጣት አይችልም። እንግዲህ ምልክቱ አንድ ሆኖ ምክንያቶቹ ተቃራኒ ሊሆኑ ይችላሉ ማለት ነው። የጣሳው ግርጌ ካልተበሳ፣ በየቀኑ በርኅራኄ የምናፈሰው ውኃ ለተክሉ መሞቻ ይሆናል።

ምናልባት «ያላወቀ ሰው ስለ ምን ይወቀሳል?» የሚል ይኖር ይሆናል። ተቃውሞው ክብደት አለው፤ ነገር ግን አንድ ልዩነት ልናስተውል ይገባል። በመስክ የበቀለ ተክል ሥሩን ዘርግቶ ውኃ ይፈልጋል። በመትከያ ያለው ግን ሥሩ የሚደርሰው እኛ እስከ ወሰንንለት ድረስ ብቻ ነው። ራሱን የሚረዳበትን መንገድ ያጠበብነው እኛ ከሆንን፣ የሚያስፈልገውን የማወቅ ግዴታም የእኛው ነው። ከማጠጣት በፊት ጣትን ወደ አፈሩ ሰደድ አድርጎ እርጥበቱን መመርመር ይህን ግዴታ መፈጸም ነው።

በ1840ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ኤውዜብ ግሪ የተባለ ፈረንሳዊ፣ የገረጡ ተክሎች የብረት ጨው ሲሰጣቸው ወደ አረንጓዴነት እንደሚመለሱ አሳይቶ ነበር። ሆኖም ብዙ ጊዜ ችግሩ ብረት ከአፈሩ መጥፋቱ አይደለም፤ ከምድር ቅርፊት 5 በመቶ ያህሉ ብረት ነውና። ኖራ በበዛበት አፈር ብረቱ እያለ ሥሩ ሊወስደው አይችልም።

ይህ ነገር ከተክል አልፎ ወደ ቤታችን ይገባል። ስለ ጤንነታቸው ተጨንቀን አረጋዊት እናታችንን ከገጠር ወደ ከተማ እናመጣቸዋለን። ምግቡ፣ አልጋው፣ መድኃኒቱ ተሟልቶላቸዋል፤ እርሳቸው ግን ከቀን ወደ ቀን ይደበዝዛሉ። እኛም ምግቡን እንጨምራለን። ለቡና የሚጠሩት ጎረቤት፣ የሚያዝዙበት ጓዳ፣ በስማቸው የሚጠራቸው መንገደኛ እንደ ቀረባቸው ግን አልጠየቅናቸውም። ማምጣታችን ስሕተት ነው ማለታችን አይደለም፤ ከብርድና ከብቸኝነት የሚያድን መትከያም አለ። ያመጣናቸው እኛ ከሆንን ግን «ምን ጎደለብዎ?» ብሎ መጠየቅና መልሱን በትዕግሥት መስማት የእኛ ድርሻ ነው።

በሌላ በኩል የገረጣ ቅጠል ሁሉ የበደል ምስክር አይደለም። አሮጌ ቅጠል ዘመኑን ሲፈጽም ቢጫ ሆኖ ይረግፋል። ስለዚህ በሌላው ደጃፍ ያለውን ቅጠል አይተን ባለቤቱን ለመኰነን አንቸኩል። የራሳችንን አፈር ለመመርመር የሚያስፈልገው ጥንቃቄ፣ በሌላው ላይ ለመፍረድ ከዚያ ይበልጥ ያስፈልጋል።

በመልካም አሳብ መነሣት ተገቢ ነው፤ ያለ እርሱ ማንም ውኃ አይቀዳም። ነገር ግን አሳባችን መልካም መሆኑ የሚያስመሰግነን ለመጠየቅና ለመማር ሲያነሣሣን ነው። ፈጽሞ የገረጣ ቅጠል አብዛኛውን ጊዜ ተመልሶ አረንጓዴ አይሆንም፤ እንክብካቤያችን የተቃና መሆኑ የሚታወቀው በሚቀጥለው ቡቃያ ነው።