ስም የተጻፈበት ስጦታ

«ስምን መልአክ ያወጣዋል» ይላሉ አባቶቻችን። ስም ይህን ያህል ክብር ያለው ነገር ከሆነ፣ ስማችን ተጽፎበት የሚሰጠን ዕቃ ደስ ቢያሰኘን የሚያስገርም አይሆንም። በዛሬው ዘመን በስም የሚሠራ ስጦታ በዝቷል፤ የሠርግ መጥሪያ ካርድ፣ የደብዳቤ ወረቀት፣ የማስታወሻ ደብተር፣ ኩባያና እስክሪፕቶ ሳይቀር የተቀባዩን ስም ይዞ ይወጣል። ለዚህ ሥራ የሚሆነውን ንድፍ እያወጣ የሚተዳደር ሠዓሊም አለ። ይህ ሠዓሊ የሚሥለው ለራሱ ወዳጅ አይደለም፤ እርሱ የማያውቀው ሰው፣ ለሌላ እርሱ ለማያውቀው ሰው እንዲሰጠው ነው። እንግዲህ ልንመረምረው የሚገባን ጥያቄ ይህ ነው፤ ሌላ ሰው በገንዘብ የሠራልን ስጦታ በእውነት የእኛ ስጦታ ሊባል ይችላልን? ስም ስለ ተጻፈበትስ የባለስሙ ሆነ ማለት ነውን?

በዚህ ነገር ሁለት ዓይነት ፍርድ ሲሰጥ እንሰማለን። አንደኛው ወገን «ሰው ስጦታውን በገዛ እጁ ካልሠራው ባዶ ነው» ይላል። ይህ ፍርድ የከረረ ይመስለናል። ሸማኔ ያልሆነ ልጅ ለአባቱ ጋቢ ገዝቶ ቢያለብስ፣ ጥበቡ የሸማኔው፣ ፍቅሩ ግን የልጁ መሆኑን የሚጠራጠር የለም። እጁ ለሥዕል ያልታደለ ሰውም ወደ ሠዓሊ ቤት ሄዶ ቢያሠራ ነውር የለበትም። ሁለተኛው ወገን ደግሞ «ስሙ ከተጻፈ ይበቃል፤ ተቀባዩ ስሙን ባየ ጊዜ እንደ ታሰበ ያውቃል» ይላል። እኛ የምንፈራው ይህን ሁለተኛውን ነው፤ ምክንያቱም ስምን መጻፍ ቀላል ሲሆን ሰውን ማወቅ ግን ብዙ ድካም ይጠይቃል።

ነገሩ አዲስ አይደለም። እንደ አውሮጳውያን አቆጣጠር በ1843 ዓ.ም. ሄንሪ ኮል የሚባል የመንግሥት ሠራተኛ በሎንዶን ነበረ። ከሦስት ዓመት በፊት፣ በ1840 ዓ.ም.፣ በብሪታንያ አገር የደብዳቤ መላኪያ ዋጋ ወደ አንድ ፔኒ ዝቅ ስላለ፣ የሚጻጻፈው ሰው እጅግ በዝቶ ነበር። ኮልም ለወዳጆቹ ሁሉ የገናን ሰላምታ በእጁ ጽፎ ለመጨረስ ጊዜ ስላጣ፣ ጆን ካልኮት ሆርስሊ የተባለው ሠዓሊ ንድፍ እንዲያወጣለት ጠየቀው። ሆርስሊ በመካከል አንድ ቤተ ሰብ ተሰብስቦ ጽዋ ሲያነሣ፣ በግራና በቀኝ ደግሞ ድኾች ሲመገቡና ሲለብሱ የሚያሳይ ሥዕል ሣለ። ካርዱም በማተሚያ ተባዝቶ፣ ቀለሙ በእጅ ተቀብቶ፣ ለገበያ ሲቀርብ አንዱ በአንድ ሽልንግ ተሸጠ። በዚህ ካርድ ላይ ከሥዕሉ ይልቅ የእኛን ዐይን የሚስበው ሠዓሊው ባዶውን የተወው ስፍራ ነው፤ ይኸውም የተቀባዩና የሰጪው ስም የሚሞላበት ነው። ሠዓሊው የማያውቀውን እንደሚያውቅ አላስመሰለም፤ የራሱን ድርሻ ፈጽሞ የቀረውን ለሰጪው ተወለት።

በአገራችንም ከዚህ ጋራ የሚመሳሰል የቆየ ሥራ አለ። በብራና ተጽፎ የሚጠቀለለውን ክታብ የእምነቱን ነገር ለጊዜው ትተን አሠራሩን ብቻ ብንመለከት፣ ለአንድ ሰው ተብሎ የሚዘጋጅ ዕቃ ሆኖ እናገኘዋለን። የባለቤቱ የክርስትና ስም በጸሎቱ መካከል እየተደጋገመ ይገባል፤ በልማዱም የብራናው ርዝመት በባለቤቱ ቁመት ልክ ይደረጋል። ሆኖም በየቤተ መጻሕፍቱና በየሙዚየሙ ከሚገኙት ክታቦች አንዳንዶቹ የፊተኛው ባለቤት ስም ተፍቆ የሌላ ሰው ስም የገባባቸው ናቸው። ስሙ በቢላዋ ጫፍ ይለወጣል። በቁመቱ ልክ የተቈረጠው ብራና ግን ለሁለተኛው ሰው ቢረዝምም ቢያጥርም፣ ስለ ፊተኛው ሰው መመስከሩን አይተውም። እኛም ከዚህ የምንማረው፣ ስጦታን የሰው የሚያደርገው በላዩ ከሚጻፈው ስም ይልቅ የተሠራበት ልክ መሆኑን ነው።

ይህን ጽሑፍ እንድንጽፍ ያነሣሣን በራሳችን ላይ የደረሰ ነገር ነው። ከጥቂት ዓመታት በፊት በአንድ መሥሪያ ቤት ሳለን፣ ከሃያ ዓመት በላይ አብረውን የሠሩ አንድ የመዝገብ ቤት ሠራተኛ ጡረታ ወጡ። እኛም ገንዘብ አዋጥተን፣ ስማቸው በወርቅ ቀለም የተጻፈበት የቆዳ ማኅደር እንዲሠራላቸው ወደ አንዲት ሠዓሊ ሄድን። ሠዓሊዋም ስማቸውን ከመዘገበች በኋላ «ስሙንስ እጽፋለሁ፤ ግን እኚህ ሰው ምን ዓይነት ሰው ናቸው?» ብላ ጠየቀችን። እርስ በርሳችን ተያየን። «ጨዋ ናቸው፤ ሰዓት ያከብራሉ» ከማለት በቀር የምንናገረው አጣን። የቅጥር ዘመናቸውን፣ ደመወዛቸውን፣ የክፍላቸውን ቍጥር ሁላችን እናውቃለን፤ ሰውየውን ግን አናውቃቸውም ነበር።

አፍረን ተመለስን። በማግሥቱ ሻይ የምታቀርብልን ሴት ነገሩን ሰምታ፣ «እርሳቸው እኮ የተጣሉትን የእርሳስ ቍራጮች እየለቀሙ፣ ማታ ማታ ቀርጸው ለዘበኞቹ ልጆች ይሰጣሉ፤ የእኔም ልጅ ፊደል የቈጠረው በእርሳቸው እርሳስ ነው» አለች። ይህንኑ ለሠዓሊዋ ነገርናት። እርሷም በማኅደሩ ጠርዝ፣ ከስማቸው በታች፣ አንዲት አጭር እርሳስ ሣለችበት። በመሰናበቻው ቀን ሽማግሌው ማኅደሩን ተቀብለው በወርቅ የተጻፈውን ስማቸውን አየት አድርገው አለፉት፤ እርሳሷን ባዩ ጊዜ ግን ጣታቸውን አኑረውባት ብዙ ጊዜ ዝም አሉ። ደስ ማሰኘታችን እውነት ነው። ነገር ግን ያ ደስታ የእኛ ዕውቀት ፍሬ አልነበረም፤ የሠዓሊዋ ጥያቄና የሻይ አቅራቢዋ ምስክርነት ፍሬ ነበር። እኛ ያዋጣነው ገንዘቡን ብቻ ነው።

ስለዚህ ለተነሣው ጥያቄ መልሳችን እንዲህ ነው። ሠዓሊ ለሌላው ስጦታ እጁን ማዋሱ የተከበረ ሥራ ነው፤ ሆኖም አንዱን ንድፍ ለሺህ ሰው እያወጣ ስም ብቻ በመለወጥ «ለአንተ ብቻ የተሠራ» ብሎ ቢሸጥ ቃሉን ያፈርሳል። ወይ እንደ ሆርስሊ ባዶውን ስፍራ በግልጥ ይተው፤ ወይ እንደዚያች ሴት አስቀድሞ ይጠይቅ። ሰጪውም ሥዕልን ከሠዓሊ ሊገዛ ይችላል፤ ሰውን ማወቅ ግን የሚገዛበት ገበያ የለም።

በመስከረም 1 ቀን ሕፃናት አበባና ፀሓይ በወረቀት ሥለው በየጎረቤቱ የሚያድሉት የእንቁጣጣሽ ስጦታ ብዙ ጊዜ ስም የለበትም። ሆኖም ሕፃኑ የማንን በር እንደሚያንኳኳ ያውቃል፤ ባለቤቱም ወረቀቱን የሣለው የማን ልጅ እንደ ሆነ ያውቃል። እኛ አዋቂዎቹ ስምን በወርቅ ቀለም ከማስጻፋችን በፊት፣ አጠገባችን ተቀምጦ የሚሠራው ሰው፣ በፊታችን ተቀምጦ የሚማረው ልጅ ምን እንደሚወድ፣ ምንስ እንደሚያደርግ ብንጠይቅ መልካም ነው። ይህንንም ለመጠየቅ የመሰናበቻውን ቀን መጠበቅ አይገባንም።